ጭምብሉን ያወለቀው ሠራተኛና ያልተጠየቀው አለቃ

በአደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃ ስፍራዎች ስለሚሠሩ ሰዎች ደህንነት የተጻፈና ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብዛኛው ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን ጉዳይ አንሥተው መነጋገሪያ በማድረጋቸው ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ሆኖም ከቆሻሻ ክምር አጠገብ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ሆኜ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ጽሑፉ ያቀረበው መፍትሔ ቢተገበር አደጋውን ከሠራተኛው የሚያርቅ ሳይሆን ከአለቃው ዓይን የሚሰውር ነው ብዬ ስለማምን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በቅድሚያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት በእነዚህ ስፍራዎች ለሚደርሰው አደጋ ዋናው ምክንያት የሠራተኛው ግድየለሽነት ነው፤ ለዚህም ከመቶ አደጋ 88ቱ ከሠራተኛው ጥፋት እንደሚመጣ የሚናገር አኃዝ ይጠቅሳሉ። ስለዚህ በቂ ጭምብል፣ ጓንትና ቦቲ ገዝቶ ማደል፣ አላደርግም ያለውን ከደመወዙ መቅጣት፣ በአንጻሩ ደግሞ ሦስት ወር ያለ አደጋ ለጨረሰ ቡድን ጉርሻ መክፈል ይበቃል ባይ ናቸው። የጋዝ መለኪያን፣ የገላ መታጠቢያን፣ የጤና ምርመራንና ረጅም ሥልጠናን የሀብታም አገር ቅንጦት ይሏቸዋል። በመጨረሻም ከክምሩ ላይ እየለቀሙ የሚተዳደሩትና በሥራ ተቋራጭ በኩል የሚመጡት የቀን ሠራተኞች የስፍራው ቅጥረኞች ስላልሆኑ የደህንነት ሥርዓቱ እነሱን ሊመለከት አይገባም ብለው ይደመድማሉ።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልቀበል። ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል ሠራተኛ ሞልቷል። ኬሚካል የነካ ጓንቱን ሳያወልቅ እንጀራ ቆርሶ የሚጎርስ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ለቃለ ጉባኤ ፊርማ ብቻ የሚሰበሰቡ የደህንነት ኮሚቴዎች አሉ የሚለው ትችታቸውም ሐቅ ነው። ልዩነታችን የሚጀምረው እነዚህ ነገሮች ለምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ከመቶ 88 ከሚለው አኃዝ ልጀምር። ይህን ቁጥር ያወጣው ኸርበርት ሄንሪክ የተባለ የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያ ባልደረባ ሲሆን፣ ያሳተመውም በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥሩ የተገኘው 75,000 ያህል የአደጋ መዛግብት ታይተው ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 63,000ዎቹ በፋብሪካ ባለቤቶች እጅ የነበሩ፣ የተቀሩት የኢንሹራንስ ማኅደሮች ነበሩ። መዝገቡን የጻፈው አሠሪው ከሆነ ጥፋተኛው ሠራተኛው ሆኖ መገኘቱ ሊያስደንቀን አይገባም። የተጎዳው ሰው ቃል የሌለበትን መዝገብ ከዘጠና ዓመት በኋላ ለእኛ አገር ቆሻሻ ማስወገጃ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም።

አኃዙን ትተን ጸሐፊው ራሳቸው የጠቀሱትን ምሳሌ፣ ጭምብሉን ያወለቀውን ሠራተኛ እንመልከት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቁጥጥር ስዞር ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ጭምብሉን አገጩ ሥር አውርዶ አካፋ ሲጨብጥ አገኘሁትና ለምን እንዳወለቀው ጠየቅኩት። "ኢንጂነር፣ ባደርገውም ሽታው ያው ነው፤ የሚቀየረው መተንፈስ ማቃቴ ብቻ ነው" አለኝ። ጭምብሉን ተቀብዬ አየሁት። የወረቀት ጭምብል ነበር፤ በላብ ርሷል፣ ዳርና ዳሩ ጠቁሯል፣ አንዱ ላስቲኩ ተበጥሶ በሲባጎ ተቋጥሯል። የወረቀት ጭምብል አቧራን እንጂ ጋዝን አያስቀርም፤ ጋዝ የሚያስቀረው ለጋዙ ዓይነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ በልኩ የሚገጥም፣ ማጣሪያውም በየጊዜው የሚለወጥ መሣሪያ ነው። ሰውዬው "ሽታው ያው ነው" ሲለኝ የነገረኝ የተሰጠው ዕቃ ሥራውን እንደማይሠራ ነበር። በጸሐፊው ሐሳብ መሠረት ግን ይህ ሰው ከደመወዙ ሊቀጣ ነው። ያንን ጭምብል የገዛው፣ የገዛውን ያጸደቀው፣ ተቀብሎ ያከፋፈለው ግን በጽሑፋቸው ውስጥ አንድም ቦታ አይጠየቅም።

በሙያችን የታወቀ ቅደም ተከተል አለ። አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ ይቀድማል፤ ይህ ካልተቻለ አነስተኛ ጉዳት ባለው መተካት፣ ቀጥሎ ሰውንና አደጋውን በግንባታ ወይም በመሣሪያ መለየት፣ ከዚያ የሥራ ሰዓትንና አሠራርን ማስተካከል ይመጣል። ጓንትና ጭምብል መጨረሻ ላይ ናቸው፤ መጨረሻ የሆኑትም ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱና የሁሉንም ሸክም በሠራተኛው ጫንቃ ላይ የሚጥሉ በመሆናቸው ነው። ጽሑፉ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ የመጨረሻውን ብቸኛ አድርጎታል።

አሁን ወደ ቅጣቱ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ስፍራ ስሠራ፣ ከክምሩ ሥር እየተንጠፈጠፈ የሚወርደው ጥቁር ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ፓምፕ በፌስታል ተወተፈ። ፎርማኑ አንድ ወጣት ገብቶ እንዲያጸዳው አዘዘው። ልጁ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር። "ትናንት ስገባ ራሴን አዞረኝ፤ ዛሬ ደግሞ ሽታው ጭራሽ ጠፍቶብኛል፤ አልገባም" አለ። ፎርማኑም "ሽታው ከሌለማ ምን ያስፈራሃል?" ብሎ የዕለት ክፍያውን አስቀርቶ ወደ ቤቱ ላከው፤ ሌላ ሰው ገብቶ ፓምፑን አጸዳ፤ እግዚአብሔር አትርፎት ወጣ።

ልጁ ትክክል ነበር። በእንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። መጠኑ ከሚሊዮን እጅ አየር አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መቶ እጅ ገደማ ሲደርስ ግን የማሽተት ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የሌለ ይመስላል፤ ከአምስት መቶ እጅ ሲያልፍ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ አዙሮ ይጥላል። የወደቀውን ለማውጣት የሚዘለውም አብሮ ይቀራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ እንደገለጸው፣ በጉድጓድና በመሰል ዝግ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ሰዎች ነበሩ። "ሽታው ጠፋብኝ" ያለው ወጣት እንግዲህ ሙሉ የጥበቃ ሥርዓት ሊሰጥ የሚችለውን ማስጠንቀቂያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጸሐፊው ቢያዩት እወድ ነበር። በበሩ አጠገብ ሠራተኞች ስጋታቸውን የሚጽፉበት ወይም የሚያስጽፉበት ደብተር ነበረን። ቀደም ሲል በሳምንት ሁለት ሦስት ነገር ይገባበት ነበር፤ የተቀደደ ቦቲ፣ ፍሬኑ የላላ ዶዘር፣ ያልተለመደ ቀለም ያለው በርሜል። የልጁ ክፍያ ከተቆረጠ በኋላ ደብተሩ ለስድስት ወር ባዶውን ሰነበተ። ቢሮው ይህን ባዶ ደብተር ተመልክቶ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ "ምንም ስጋት አልተመዘገበም" ሲል እንደ ውጤት ጻፈው። እኔ የጻፍኩት ማስታወሻም ከዚያ ሪፖርት ጋር አልሄደም። የደህንነት ባህል የሚባለው ነገር ለእኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ መለኪያ የለውም፤ "አልገባም" ያለው ሰው በማግስቱ ምን ደረሰበት ብዬ እጠይቃለሁ።

ቅጣቱ ከሕጉ ጋር ሲያያዝ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ይህ ለሠራተኛው ትልቅ ከለላ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው አይጠየቅም፤ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስም እንደዚያ ከሚቆጠሩት አንዱ ነው። እንግዲህ "ጭምብል ያላደረገ ይቀጣል" የሚል ወረቀት አስፈርሞ የማይሠራ ጭምብል ማደል ምን እንደሚያስከትል አስቡት። ሰውዬው በተጎዳ ቀን ያ ፊርማ ካሳ ላለመክፈል መከራከሪያ ሆኖ ይቀርባል። ጸሐፊው ይህን አስበው ጽፈዋል አልልም፤ የሐሳባቸው መድረሻ ግን ይኸው ነው።

ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 32 ለጤናው የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅድለታል። መልካም ነው፤ ግን ልጆች ያሉት ሰው እንጀራውን ጥሎ መሄድ እንደ መብት አይታየውም። የሚያስፈልገው ሥራውን ሳይለቅ ያንን አንድ ጉድጓድ እምቢ ማለት የሚችልበት ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛው ስምምነት በአንቀጽ 13 ይህንኑ ይላል፤ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ከሥራው ገለል በማለቱ ሊቀጣ አይገባም። ቅጣት መኖር አለበት ከተባለ፣ ጋዙ ሳይለካ ሰው ወደ ጉድጓድ ባስገባ አለቃ ላይ ይጀምር።

ጉርሻውን በተመለከተ፣ የጸሐፊው ዓላማ መልካም እንደሆነ አምናለሁ፤ ሰውን ከማስፈራራት ማበረታታት ይሻላል። ችግሩ የሚሸለመው ነገር ላይ ነው። ሦስት ወር ያለ አደጋ ለጨረሰ ቡድን ገንዘብ ሲሰጥ፣ የሚሸለመው አደጋ አለመድረሱ ሳይሆን አለመነገሩ ይሆናል። ከጤና ተቋም በመጣ ከረጢት ውስጥ ያለ መርፌ ጓንቱን በስቶ ጣቱን የወጋው ሰው፣ ሦስት ወሩ ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ስምንት ጓደኞቹ ጉርሻውን ለልጆቻቸው ደብተር ሲያስቡት፣ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ይቀጥላል። በኤች አይ ቪ እንዳይያዝ የሚሰጠው መድኃኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረዳውም። አምስቱ ቀን አልፎ ጉርሻው ሲከፈል ያ ሰዓት አልፏል።

ከዚህም ሌላ፣ በአደገኛ ቆሻሻ ሥራ ውስጥ ትልቁ ጉዳት በሦስት ወር አይታይም። አስቤስቶስ የተባለው ለግንባታ ይውል የነበረ ማዕድን የሚያስከትለው የሳንባ ሕመም ሃያና ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። እርሳስ የተባለው ብረት በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። "አደጋ የለም" በተባለበት ስፍራ ሰዎች እየታመሙ ሊሆን ስለሚችል ነው የጤና ምርመራ ቅንጦት ያልሆነው። መሸለም ካስፈለገ የሚሸለመው ለጥቂት የተረፈውን አደጋ ያመለከተ፣ እንግዳውን በርሜል አይቶ ሥራ ያስቆመ ሰው ይሁን፤ ያንን ገንዘብ እኔም በደስታ እፈርምለታለሁ።

"እኛ ደሃ ነን፤ ይህ ሁሉ አቅማችን አይደለም" ለሚለው መልስ መስጠት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጸሐፊው እንዳሉት ዘመናዊ ማስወገጃ መገንባት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በአሜሪካ ሕግ አደገኛ ቆሻሻ በሚታከምበትና በሚቀበርበት ስፍራ የሚሠራ ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት 24 ሰዓት፣ ከዚያም በየዓመቱ ስምንት ሰዓት ሥልጠና ይወስዳል፤ ይህን ነገ ጠዋት እንጀምር አልልም። ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ርካሽ ነው፤ በሩ ላይ ያለ ሰው፣ ወረቀትና "ምን ጭነህ መጣህ?" የሚል ጥያቄ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች ፀጉር ለመግፈፍ ሶዲየም ሰልፋይድ ይጠቀማሉ፤ ከዚህ ሥራ የወጣ ዝቃጭ ከአሮጌ ባትሪ አሲድ ጋር አንድ ጉድጓድ ከገባ ቅድም የጠቀስኩትን ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ሁለቱን ለያይቶ ለመድፋት የሚያስፈልገው የሾፌሩ ወረቀት በሐቅ መሞላቱና በረኛው መኪናውን የመመለስ ሥልጣን ማግኘቱ ነው። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ከወጣም ቆይቷል። በብዙ ስፍራ ግን በረኛው የሚያየው የመኪናውን ክብደት ብቻ ነው።

የገላ መታጠቢያውንም እንዲሁ። ውኃ፣ ሳሙናና የሥራ ልብስን ከቤት ልብስ የሚለይ ሁለት ሳጥን ቅንጦት አይባልም። ይህ በሌለበት ሠራተኛው አቧራውን ይዞ ታክሲ ይሳፈራል፣ ልጁን ያቅፋል፤ ሚስቱም ቱታውን ከሕፃኑ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ታጥባለች። ሕፃኑ ቆሻሻ ማስወገጃውን አይቶት አያውቅም።

ወጪን በሚመለከት አንድ የራሳችንን ታሪክ ላስታውስ። ለዓመታት በየመጋዘኑ የተጠራቀመ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ኬሚካል ነበረን። ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ 1,500 ቶን ገደማ የሚሆነው በለጋሾች ገንዘብ ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። ያን ጊዜ በአግባቡ ሳይያዝ የቀረ ኬሚካል በመጨረሻ ግማሽ ዓለም አቋርጦ ነው የተወገደልን። ርካሽ የመሰለን አያያዝ ርካሽ አልነበረም።

የቀረው የመጨረሻው ነጥብ፣ ለቃሚዎችና የቀን ሠራተኞች አይመለከቱንም የሚለው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቆሼ አደገኛ ቆሻሻ ብቻ የሚቀበርበት ስፍራ አልነበረም፤ ከሞቱት ብዙዎቹም በክምሩ ግርጌ ቤት ሠርተው የሚኖሩ እንጂ የደመወዝ መዝገብ ላይ ያሉ ሠራተኞች አልነበሩም። ጸሐፊው ይህን ሁለቱን ቢያነሡብኝ እውነት አላቸው። ግን የምለውም ይህንኑ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ በፓያታስ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ በለዊጋጃህ፣ ቆሼ ከተናደ ከአንድ ወር በኋላ ስሪላንካ ውስጥ በሚቶታሙላ ክምር ሲናድ የቀበረው በአብዛኛው ማንም ቅጥረኛዬ የማይላቸውን ሰዎች ነው። የሚናድ ክምር የቅጥር ውል አይጠይቅም። ዶዘሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ከጀርባው ያለው ሰው ማን ይክፈለው ማን ሾፌሩ ሊያየው ይገባል።

ደግሞም ስፍራውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስንጥቁን ቀድመው የሚያዩት፣ ከሥር የሚጨሰውን በእግራቸው ሙቀት የሚለዩት ለቃሚዎች ናቸው። እሠራበት በነበረው ስፍራ ሁሉም "እትዬ" የሚሏቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ማዳበሪያቸውን አንጥፈው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይለያሉ፤ የሁለት እጃቸው ጀርባ በቆየ ቃጠሎ ተሸብሽቧል። አንድ ሸራ የለበሰ መኪና ሲመጣ ከሩቅ በሞተሩ ድምፅ ለይተው ልጆቹን "ተነሡ፣ ወደ ነፋሱ ዙሩ" ብለው ያርቋቸው ነበር። ስለ ምን ብዬ ስጠይቃቸው እጃቸውን አሳዩኝ። መኪናው በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ በበሩ መዝገብ ላይ የሚጻፈው "ደረቅ ቆሻሻ" ተብሎ ነበር፤ እሳቸውንም ከቢሮው ሰዎች አንድም የጠየቃቸው አልነበረም።